የማግስቱ እሳት

እርጥብ አመድ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ የእናቴ ድስት ትዝ ይለኛል። እዚህ እስራኤል፣ ያቭነ ከተማ ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ላግ ባኦሜር በሚባለው የአይሁድ የእሳት በዓል ማታ የሰፈሩ ልጆች እሳት ያነዳሉ፤ ሲያበቁ ውኃ ይደፉበታል። ሽታው በመስኮት ገብቶ ቤቱን ይሞላዋል። እኔም ከፋብሪካ ደክሞኝ ስለምመጣ ተነስቼ መስኮቱን መዝጋት እንኳ ያቅተኛል።

ነገሩ ሲሆን የምንኖረው ቂርያት ማላኪ የምትባል ሌላ ከተማ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም። እናቴ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እዚህ ቢሮ ታጸዳለች፤ ቤት ስትገባ ግን እጇ ሥራ መፍታቱ ያበሳጫት ነበር። አንድ ቀን ጌዴራ አጠገብ፣ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የወጣ ጥቁር አፈር አየች። በጣቷ አሽታ፣ በምላሷ ቀምሳ፣ "ይኸማ የኛው ነው!" አለች። በከረጢት ሞልተን በአውቶቡስ አመጣነው። ከዚያ አፈር ለታላቅ እህቴ ሠርግ ትልቅ የወጥ ድስት ከነክዳኑ ሠራች። "ልጄ በቆርቆሮ ድስት አትዳርም" ትል ነበር።

ድስቱ ጥላ ውስጥ ደረቀ። ካልተቃጠለ ግን ያው ጭቃ ነው፤ በግቢ እሳት ማንደድ ደግሞ ክልክል መሆኑን ጎረቤት ነግሯታል። ስለዚህ አልጋ ሥር ተቀምጦ ከረመ። ከዚያ ላግ ባኦሜር መጣ። በየሰፈሩ እሳት ሲነድ፣ ፖሊሱ ራሱ ዳር ቆሞ ሲስቅ አየች። "እንግዲህ ፈቀዱ ማለት ነው" አለች፤ ማንንም አልጠየቀችም። በዚያው ማታ ግን አልለኮሰችም። የሰው ዓይን የበዛበት ሸክላ ይሰነጠቃል ብላ ሰዉ እስኪበተን ጠበቀች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ከሕንፃው ጀርባ ድስቷን ልጆቹ በተዉት እንጨትና በደረቅ ሣር ከድና ለኮሰችው። እሳቱ ደህና ይዞ ድስቱ መቅላት ሲጀምር የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ከች አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሌሊቱን ሙሉ የሌላውን እሳት ሲያጠፋ ያደረ ምስኪን ነው።

"እሳት የተፈቀደው ትናንት ማታ ነበር። ዛሬ አሱር ነው፣ ክልክል!" አለ በዕብራይስጥ።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ንገሪው እስኪ! በሞቴ በይው፣ ራሱ እስኪበርድ ይታገሰኝ። ውኃ ከነካው አለቀ።"

ነገርኩት። "ቤሰደር፣ ቤሰደር" እያለ ሰማኝ፤ እሺ ያለ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ከመኪናው ባልዲ አመጣና ደፋው።

ድስቱ ጧ አለ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። እህቴ በተገዛ ድስት ተዳረች። እናቴም ሁለተኛ አፈር አልነካችም። እኛም "ሥሪ" ብለን አልጎተጎትናትም፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር።

አሁን እናቴ እኔ ዘንድ ናት። አርጅታለች፣ ዓይኗም ፈዟል። ዘንድሮ በላግ ባኦሜር ማታ መስኮቱ አጠገብ አብረን ተቀምጠን ሳለ ልጆቹ ባልዲ ይዘው ወደ እሳቱ መጡ። እጄን ጭምቅ አደረገችው።

"ኧረ ቆዩ በያቸው! ውስጡ ያለውን አውጥተዋል?"

"አውጥተዋል እማዬ፤ ድንች ብቻ ነው የነበረው።"

"በስሏል?"

"በስሏል።"

ያኔ እጄን ለቀቀችኝ።