«ሌላስ?» የምትለው አክስቴ

ሰው ሲሞት ሁሉ «አዛኝ ነበረች» ይላል። አክስቴ ግን አታባብልም ነበር። ካቶር ሰፈር ባለው ክሊኒክ ሐኪሙ የጻፈውን ሕመም መዝገብ ላይ ወደሚሰፍር የኮድ ቁጥር የምትለውጠው እሷ ነበረች።

ከተማው ውስጥ ተኩስ ከተነሣ በኋላ በነበረው ዓመት ወባ ይዞኝ ክሊኒኳ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያተኩሰኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል።»

«ወባ ተብሏል እኮ። እነዚህ ጓዙ ናቸው፤ ለብቻቸው አይጻፉም። ሌላስ?»

«ካልሞትኩ አታዝኚልኝም ማለት ነው?»

«ሞትም የራሱ ኮድ አለው። ሌላስ?»

ቀኝ እግሬ ማበጡን ስነግራት ግን ቀና አለች። «ይሄ የወባ አይደለም። ተመለስና ለሐኪሙ ንገረው፤ ለብቻው ይጻፋል።»

ከቀበርናት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ እህልም አይወርድልኝ። ለቀስተኛው «ሐዘን ነው» ይለኛል። ይሁን፣ ጓዙ ነው። ነገር ግን መቀመጥ አቅቶኛል። ያለ ጉዳይ ከካቶር እስከ ሎሎጎ ሰፈር በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ክሊኒኩ ደጃፍ ስደርስ እሮጣለሁ ማለት ይቀላል። ይሄ የሐዘን ነው ወይስ ለብቻው የሚጻፍ? ስለ ሐዘን ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉንም በአንድ ይጠቀልላሉ እንጂ አይለዩም።

ትናንት አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ መጣ። እግሬ አላስቀምጥ እንዳለኝ ነገርኩት። «እግዜር ያጽናህ፣ ያልፋል» ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ሌላስ?» እንዲለኝ ጠበቅኩ። ጫማውን አድርጎ ሄደ።