ሳይታመሙ የቀሩት እንቁላሎች

ቅድስት ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምትናገረው። ደብረ ታቦር ላቦራቶሪ አብረዋት የሚሠሩት «ደረቅ» ይሏታል። ሙያዋን የተማረችው ቴክኒክና ሙያ ነው፤ እንቁላል ከመብራት ፊት ከያዘች፣ ጽንሱ መኖር አለመኖሩን ለመለየት ሁለተኛ ማየት አያሻትም።

የያዙት ሥራ ዶሮ የሚፈጀውን የዶሮ ኮሮና ቫይረስ ዝም ማሰኘት ነበር። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ «አባዙኝ» የሚል መልእክት ይለቃል። እነሱ ያንን መልእክት ለይቶ የሚይዝ አጭር አር ኤን ኤ የተባለ ሞለኪውል ይልኩበታል፤ ሴሉም በእሱ እየተመራ መልእክቱን በገዛ መቁረጫው ይቆርጠዋል። ሙከራው እንቁላል ላይ ነው። ገሚሱ ቫይረስ ብቻ፣ ገሚሱ ቫይረስና አር ኤን ኤ ይወጋል። ቫይረስ ብቻ የገባበት ጽንስ ኩርምት ብሎ መቅረት አለበት።

እንቁላሎቹ ሲሰበሩ አንዱም ጽንስ ኩርምት አላለም።

አለቃዋ ዶክተር ደረጄ አር ኤን ኤ የገባባቸውን ብቻ አይቶ፣ «ምነው ፊትሽ? ሠራ እኮ!» አላት።

«ቫይረስ ብቻ የወጋናቸውም ደህና ናቸው፣ ዶክተር።»

«እና?»

«እናማ ዝም ያሰኘነው እኛ አይደለንም።»

ደረጄ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የቀረው አር ኤን ኤ የሚበቃው ለአንድ ዙር ነው። እሱም ከከሸፈ ሥራው ይታጠፋል።

«ቫይረሱ ደክሞ ይሆን?»

«ያስቀመጥንበት ፍሪዘር አልጠፋም። እስቲ መጀመሪያ ዶሮዎቹን ልጠይቅ።»

በማግስቱ በሚኒባስ ሐሙሲት ወረደች። እንቁላሉን የሚያቀርቡላቸው ዶሮ አርቢዋ እትዬ ዘነበች ናቸው። ዶሮዎቹ ያልተከተቡ እንዲሆኑ አስቀድመው ተነጋግረዋል።

«እትዬ፣ የኮሮናውን ክትባት አስከተቧቸው እንዴ?»

«ታዲያስ! የጎረቤቴ ዶሮ እያለቀ፣ ከታቢው ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ‹የእኔዎቹ የሳይንስ ናቸው› ብዬ ልመልሰው?»

«ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ኧረ ላንቺው ብዬ እኮ ነው! ለሰው ሲሰጥ እንከን የሌለበት ነው የሚመረጥ። የበሽተኛ ዶሮ እንቁላል ልላክልሽ ኖሯል?»

ቅድስት ሳቋ አመለጣት። «የክትባቱ መከላከያ ወደ አስኳሉ ያልፋል፣ እትዬ። ጽንሶቹን ያዳናቸው የእናታቸው ስንቅ ነው።»

«አቤት እናት!» አሉ ዘነበች፤ ከልባቸው ተደንቀው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «አበላሸሁብሽ በይኛ። ወንዛዬ ያለችው እኅቴ ዘንድ መርፌ ያላዩ ዶሮዎች አሉ። ግን እሷም ዶሮዋ ይለቅባት?»

«አያልቅባትም። እንቁላሉን በወሰድን ዕለት ከታቢውን ይዤ እመጣለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። የወንዛዬው እንቁላል የመጨረሻውን አር ኤን ኤ ወሰደ። ሲሰበር፣ ቫይረስ ብቻ የተወጋው ሁሉ ኩርምት ብሏል። አር ኤን ኤ ካገኘው ከግማሽ የሚበልጠው እግሩን ዘርግቶ አድጓል፤ የቀረው አልዳነም።

«ይኸ የእኛ ነው» አለ ደረጄ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነው» አለች ቅድስት፤ ያልዳኑትንም ለብቻ መለየት ጀመረች። ለምን እንዳልዳኑ ሳይታወቅ ሌላ አር ኤን ኤ ማዘዝ አይታሰብም።