የድሪቶ ባሌስትራ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ሌላው ሰው ሽቶ ነው ትዝታውን የሚቀሰቅስበት፤ እኔ ግን የመኪና ባሌስትራ ላይ የተቀባ ጥቁር ዘይት። ትናንት ከግራና ከተማ ሳመጣህ "ይቺ መኪና ወገቤን ቆረጠችው! ከኋላዋ ትንሽ ብታለሰልሻት ምን አለ?" አልከኝ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጮክ ብዬ ማዜሜንም አይተህ ስቀህብኛል። ሳቅ፣ አልቀየምህም። ግን ቁጭ በልና ስማኝ።

አባቴ እዚሁ መርሳ መካኒክ ነበር። ይቺን መኪና ከምንም ተነስቶ የሠራት እሱ ነው። ሞተሯ ከአሮጌ ታክሲ የወጣ፣ አካሏ ከበርሜል ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ነው። ለኋላዋ ደግሞ የአንድ ተገልብጦ የቀረ ፒክአፕ የጎማ ዘንግና ባሌስትራ አምጥቶ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የሰፈሩ ሰው "ድሪቶ" የሚል ስም አወጣላት። "ድሪቶ መቼ ነው የምትዳረው?" እያሉ በአጥሩ ሲያልፉ እሱ ከሥሯ ተኝቶ "ሙሽራው ሲገኝ!" ይላቸዋል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ወልድያ አውቶ መካኒክ ተምሬ መመለሴ ስለነበር ከሱ በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በጦርነቱ ክረምት መኪናዋን የሰቀለበት ክሪክ ሸርተት አለና አባቴ ወገቡን ተመታ። ወጌሻው ዳብሶ ዳብሶ ሲያበቃ "አርባ ቀን ተንጋለው ይተኛሉ። ከተናወጡ ግን ከእንግዲህ በእግርዎ መሄዱን ይርሱት" አለው። እማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሥር ቀን እንኳ ሳይሞላ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወልድያ በኩል እየቀረበ መጣ። ሚኒባሶቹ ሰው ጭነው ወደ ደሴ ወጥተው አልቀዋል። ቢኖሩስ፣ ተንጋሎ የሚሄድ ሰው ማን ይጭናል? አጎቴ ግራና ነበር፤ እሱ ጋ ለመድረስ ያለችን ድሪቶ ብቻ ናት። እሷም የኋላ እግር የላት!

ሦስት ቀን ሠራሁ። አባቴን ከነፍራሹ የጣራው ጥላ ሥር አወጣነው። ተንጋሎ የሲባጎውን ጫፍ ይይዛል፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ከፊት ጎማ ወደ ኋላ ጎማ እየወጠርኩ ግራና ቀኙን እለካለሁ። "በቀኝ አንድ ጣት ጎደለ" ይላል አይኑን ጨፍኖ። "እኩል ነው አባ!" ብዬ እከራከራለሁ። ስለካው አንድ ጣት ጎድሏል። በሽቄ ፈትቼ እንደገና እገጥማለሁ።

የተጣላነው በባሌስትራው ነው። ባሌስትራ እንደምታውቀው ቀስት የመሰሉ ብረቶች ተደራርበው በአንድ ብሎን የታሰሩበት ነው። የፒክአፑ በየጎኑ አምስት አምስት ነበረው። ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ለድሪቶ ሲበዛ ደረቅ ነው። ውሃ የሞላ ጣሳ ከኋላ አስቀምጬ ድንጋይ ላይ ባወጣት ውሃው ግማሹ ተደፋ። አባቴን በዚህ ላይ ላስተኛው? ከየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት አወጣሁ። ጣሳው ጠብታ አልፈሰሰውም።

"መልሺያቸው" አለኝ።

"አልመልስም።"

"መኪና የሚሠራው ለጭነት ነው እንጂ ለጣሳ ነው እንዴ?"

"አንተ ነህ ጭነቱ! ሌላ ጭነት የለም።"

ሲባጎውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ የልጅ ነገር።

በማግስቱ ጠዋት በካፊያ ወጣን። እውነትም እንደ አልጋ ነበረች። አባቴ ከኋላ ተንጋሎ፣ እማ ላስቲክ ይዛለት፣ እኔ ድንጋይ እየመረጥኩ። ጥቂት እንደሄድን አንዲት አሮጊት እግራቸው አብጦ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል። "አቁሚ" አለ አባቴ። "እናቴ፣ አንቱ ይውጡ፤ ልጆቹንም ያምጧቸው።" ቀጥሎ ሕፃን ያቀፈች አራስ ከባሏ ጋር አገኘን።

"አባ፣ አትችልም!"

"በዝናብ አራስ አልፈሽ የት ልትደርሺ ነው? አቁሚ ብዬሻለሁ!"

በመጨረሻ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ሲጨመሩ ድሪቶ ቁጢጥ አለች። ጎማው ከቆርቆሮው እየተፋተገ ጨሰ። ወረድኩና አየሁት። ከዚያ ዛሬም የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርኩ፤ "ሰው ይውረድ" አልኩ።

ማንም አልተነቃነቀም። አሮጊቷ ብቻ ዱላቸውን መፈለግ ጀመሩ።

አባቴ እማን "ፍራሹን አንሺው" አላት። እሷ አንገቷን ደፋች። የአራሷ ባልና እኔ አባቴን ቀስ አድርገን ወደ ጎን ስናስጠጋው፣ ከፍራሹ ሥር በጋቢ የተጠቀለሉ አራት ብረቶች ተደርድረዋል። ያወጣኋቸው ናቸው። ማታውን እማን እንዳትነግረኝ አስምሎ በእሷ አስደርድሯቸው ኖሯል።

"ወላሂ አብደሃል!" ብዬ ጮህኩበት። "ለወገብህ ብዬ ያወጣሁትን ወገብህ ሥር?"

"ወገቡ የኔ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" አለ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አብሽሪ ልጄ። መንገድ ላይ ሰው እንደማይጠፋ አውቅ ነበር" አለኝ።

እያለቀስኩ ፈታሁ። የአራሷ ባል ክሪኩን ያዘልኝ። "አንድ አንድ ብቻ ልመልስ" ብዬ ለመንኩት። "ሁሉንም። ዘይት ሳትቀቢም እንዳታጠብቂ" አለኝ። በቆርቆሮ የያዝነውን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ቀባሁት። ያ ሽታ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

"ስንት ሆንን?" አለኝ ስንነሳ።

"ከሕፃኑ ጋር አሥር።"

"ቢስሚላህ በይና ንጂ።"

ድሪቶ ቀና አለች፤ ግን እንደ ድንጋይ ደረቀች። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሴን ያጋጨኝ ነበር። አባቴ መንዙማ ጀመረ። አሮጊቷ ተቀበሉት፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ መሪዬን ይዤ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አላመመውም እል ነበር። ግራና አሥራችንም ደረስን።

አባቴ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም። ወደ መርሳ ስንመለስም በፍራሽ ነበር። ሁለት ረመዳን ኖረ። ደጅ ተኝቶ ደንበኞቼን ይሰድብልኛል፤ ሥራዬን በጆሮው ይቆጣጠራል። አንድም ቀን "ባትመልሺው ኖሮ" አላለኝም። እኔ ግን በልቤ ስንት ጊዜ ብያለሁ! የሚጠይቀኝ ሌላ ነበር። "የአራሷ ልጅ ስንት ዓመቱ ሆነ?" ይለኛል። እኔም አስቤ እነግረዋለሁ።

ከቀበርነው በኋላ ነው እማ እጇን ያሳየችኝ። አውራ ጣቷ ሥር የጥፍር ጠባሳ አለ። ያን ቀን ጉድጓድ በመጣ ቁጥር እጇን ይጨብጥ ነበር አለችኝ። "መንዙማውን ከፍ ያደረገው ጩኸቱን እንዳትሰሚበት ነው። ከሰማሽው ታቆሚያለሽ ብሎ ፈራ።"

እና አላለሰልሳትም፤ አትምከረኝ። በየወሩ ዘይት እቀባታለሁ፤ ሰው ካገኘሁ እጭናለሁ። ብቻዬን ስሆንና ጉድጓዱ ሲመጣ ደግሞ፣ ሳላስበው፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።