ከመስመሩ በታች ያለውን አታንብብለት

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ምሽግ ውስጥ ነው። ዕውቀት አምሮኝ አይደለም። ሰው አላምን ብዬ ነው።

እኔ የጅማ ሰው፣ የሰቃ ገበሬ ነኝ። በወጣትነቴ ወታደር ነበርኩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ የቀድሞዎቹ ተመለሱ ተባለ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜ ተመለስኩ። ለሚስቴ ሁለት ልጆችና ለለቀማ የደረሰ ቡና ትቼላት ሄድኩ።

ሰሜን ስንደርስ ስልክ የለም። ደብዳቤ የሚሄደውም የሚመጣውም በሰው እጅ ነው፤ ቁስለኛ ሲመለስ ወይ ሾፌር ሲወርድ። ሚስቴ ጅማ ከተማ ተወልዳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አስነብባለሁ። የሚያነብልኝም መልሴን የሚጽፍልኝም አስር አለቃችን ነበር፤ ጅማ ኮሌጅ ይማር የነበረና አቋርጦ የዘመተ የወላይታ ልጅ።

ወሬው ከደብዳቤው ቀደመ። አንድ ሾፌር በእኛ በኩል ወዳለው የቡና ጫካ የታጠቁ ሰዎች ገብተዋል ብሎ ነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። እኔ እዚህ የማላውቀውን ሰው ደጅ እጠብቃለሁ፤ የእኔን ደጅ ማን ይጠብቀው? ይህን ጮክ ብዬ ብናገር እንደሚቀጡኝ አውቅ ነበር። ተናገርኩ፤ ተቀጣሁ።

ከሳምንታት በኋላ የሚስቴ ደብዳቤ መጣ። ወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ጢም ብሎ ተጽፏል። አስር አለቃው አነበበልኝ፦ «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ልጆቹ ጉንጭህን ይስማሉ። ቡናው ተለቅሞ ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል።» ከዚያ አጣጠፈው።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?»

«ሰላምታ ነዋ! የጅማ ሰው ሰላምታ መች ያልቅና?»

ጓዶቼ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። በነጋታው ግን ድገምልኝ አልኩት። ሲደግመው ቡናው «እየተለቀመ ነው» ሆኖ ቁጭ አለ። ፊደል የሌለው ሰው ጆሮው መዝገብ ነው፤ አንዲት ቃል አትጠፋበትም። በእኛ ወግ ሩቅ ላለ ሰው ሞት አይጻፍለትም። ቤተሰቡ «ሁላችንም ደህና ነን» እያለ ይቆየዋል፤ ሲመለስ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዳዋል። አጎቴ የእናቱን ሞት የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ሰላም ስትለው ነበር። እንግዲህ ከልጆቼ አንዱ ሞቷል፣ ወይ ሁለቱም፣ አልኩ።

አስር አለቃውን ኮሌታውን አንቄ ያዝኩት። «የትኛው ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም! አቦ ልቀቀኝ፣ ጅሜ፣ አብደሃል?»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

«እናትህን የት አውቃታለሁ። ፊደሉን አስተምረኝ፣ ራሴ አየዋለሁ።»

አለቃዬ ነው፤ ሊያሳስረኝ ይችል ነበር። አስተማረኝ። ሰሌዳችን የጥይት ሣጥን ክዳን፣ ጠመኔያችን ከሰል። ጓዶቼ «ሼኩ፣ ዛሬ ስንት ሸመደድክ?» እያሉ ያላግጡብኛል። እሱ ግን አንድ ቀን አልሳቀብኝም። ተኩስ ሲያጣድፈን ውለን እንኳ፣ ጋብ ሲል አቧራውን ከፊቱ ጠርጎ «ትናንት 'ቀ' ላይ ነበርን» ብሎ ይመጣል። ደብዳቤውን ጠፋ ሊለኝም ይችል ነበር። አላለም።

ማንበብ ቻልኩ ባልኩ ጊዜ ያቺ ወረቀት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀችብኝ። ሰላምታውን ስለ ቡና አንድም ቃል ሳላገኝበት ጨርሼ ስወርድ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ መስመር አገኘሁ። ከዚያ በታች የተጻፈው ለእኔ አልነበረም።

«ወንድሜ አንባቢው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ከመስመሩ በታች ያለውን አታንብብለት። እሱን አውቀዋለሁ፤ ከሰማ በእግሩም ቢሆን ይመጣል፣ መንገድ ላይ ይቀራል። የታጠቁት ሰዎች የወታደሩ ቤት የቱ ነው እያሉ ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰማሁ። ቡናውን አልጋው ላይ እንደተሰጣ ትቼ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አንዲት እናት አስጠግታናለች፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር። መጋዘን ገብቼ ጥቁሩን ቡና ከደህናው እለቅማለሁ። ይህን አንተ በልብህ ያዝልኝ። ፈቃድ ካገኘ ሰቃ እንዳይሄድ፤ ወደዚህ ላክልኝ። ከሞተም ወደዚህ ጻፍልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔን መሃል አስቀምጠው ሲጠቃቀሱ ከርመዋል! ግን ንዴቱ አልቆይ አለኝ። ቤቷን በአንድ ቀን ጥላ የወጣች ሴት፣ ልጆቿን አስጠልላ ስታበቃ፣ ባሏን ደግሞ ላላየችው ሰው አደራ ትሰጣለች። ያ ሰውም አንገቱ ታንቆ አደራውን አላወጣም። በዕድሜዬ አደራ በሊታ እንጂ አደራ ጠባቂ ብዙ አላየሁም። ሜዳሊያውን የሸለሙት ግን ሌላ ሰው ነው።

ሄጄ «አነበብኩት» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ሰማያዊው በር ድረስ።»

«በቃ ተመርቀሃል» አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀብኝ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ካለ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው።

ለእሷ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነው፤ ፊደሉ ግን ድንች ድንች ያክላል። «ከእንግዲህ አንባቢ የለም። መስመር አታስምሪ። ያለውን ጻፊ» አልኳት።

መልሷ ከወር በኋላ ቁስሉ ድኖ በተመለሰ አንድ ጓድ እጅ መጣ፦ «እውነት አማረህ? እንካ። ቤታችንን አቃጥለውታል። ትንሿ በወባ ልትሞትብኝ ነበር፣ አሁን ድናለች። ጽሑፍህ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አነበብኩትና አለቀስኩ፤ ያስጠጋችን ሴትዮም 'ምነው፣ ሞተ እንዴ?' ብላ ደነገጠች። ራሱ ነው የጻፈው ስላት ማሻአላህ ብላ እልል አለች። አሁን ተራው ያንተ ነው። እግሩን ተመቷል የሚሉኝ እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ፍንጣሪ ነው፤ ከገባ ቆይቷል፣ አልወጣም። በየደብዳቤው «ደህና ነኝ» እያስጻፍኩ የደበቅሁት እኔው ነኝ። ከአስር አለቃው እስክሪብቶ ለመንኩና፣ ሰላምታውን ሁሉ ዘልዬ፣ «አዎ፣ ግራ እግሬን» ብዬ ጀመርኩ።