ሦስተኛው ቃል

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጽፌ ዞር ስል ክፍሉ ገና እየተንጫጫ ነበር...

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ከደሴ ተመድቤ ከሚሴ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያኔ ተማሪ ማለት የግድ ልጅ ማለት አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያወጡ፣ ሚስት ያገቡ ነበሩኝ። ይማም እና ሁሴን ከእነሱ ናቸው። ሁለቱም የጨፋ ገበሬዎች፣ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም የማያንስ።

የይማም ታላቅ ወንድም ባለፈው ክረምት ሞቷል። ከሁሴን ጋር ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመለሱ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ወሰደው ተባለ። መርዶውን ያመጣው ሁሴን ነበር። እኔም መስከረም ላይ እንደመጣሁ ለቅሶ ደርሻለሁ።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኳቸው ቃላት «ኪል» እና «መርደር» ነበሩ።

«ሁለቱም መግደል አይደሉም ወይ፣ መምህር?» አለኝ አንዱ።

«በኦሮምኛም ያው አጄሱ ነው! ምን ለያቸው?» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

አስረዳሁ። ኪል ሰፊ ነው፤ በሽታም፣ ጅብም፣ ጎርፍም ይገድላል። መርደር ግን የሰው ብቻ ነው... ሰው ሰውን አስቦበት፣ ቆርጦ ተነስቶ ሲገድል።

ይማም እጁን አወጣ።

«እንግዲያ የወንድሜ... የቦርከናው... የትኛው ነው የሚባለው?»

ሳቁ ቆመ። የትምህርት ጥያቄ ይሁን የሐዘን አልለይ አለኝ።

«ኪል ነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «ወንዝ አያስብም። አላህ ይዘንለት።»

«አሚን» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ። በዚያው ያበቃል ብዬ ጠመኔውን አነሳሁ...

ከመሃል የሁሴን ድምፅ መጣ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው።

«መምህር... ሰው ሳያስበው ቢሆንስ? በንዴት ገፋ አድርጎት ቢሞትበት? ለእሱ ቃል የለውም?»

ስለ መግፋት ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ ያስተዋልኩት ይማም እርሳሱን ሲያስቀምጥ ነው። አልዞረም። ፊቱ ወደ እኔ ነው፤ ዓይኑ ግን እኔን አያይም።

«ማን ገፋ አለ?»

ሁሴን ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

«ሁሴን። ማን ገፋ አለ?»

ሁሴን ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«ወላሂ አላሰብኩትም! በግጦሹ ነገር ተጣላን... ገፋሁት። ውሃው እንደዚያ መሆኑን አላየሁም። ወላሂ!»

አሁን ይነሳበታል፣ አሁን ያንቀዋል ብዬ መሃላቸው ገብቼ ቆምኩ። ይማም ግን ንቅንቅ አላለም።

«መምህር፣ ለእሱ ቃል አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አልኩ።

«ይጻፉለት።»

ጻፍኩ። «ማንስሎተር»... ሳያስቡ ሰው መግደል። ይማም ፊደሉን አንድ በአንድ ገልብጦ፣ ደብተሩን ዘግቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ነገሩን የአገር ሽማግሌዎች ያዙት። ሁሴን አስቤ አላደረግኩትም ብሎ በቁርአን ማለ። ቤተሰቡ ጉማውን፣ የደም ካሳውን ማለት ነው፣ ከፈለ። ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ ተባለ። ይማም በእርቁ ቀን እጁን ሰጠ፣ በቃ።

ከሳምንታት በኋላ ሁለቱም ወደ ክፍል ተመለሱ። ይማም ግን የለመደውን የፊት ወንበር አልፎ ልክ ከሁሴን ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻም ከዚያ አልተነሳም። ሁሴን አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ይጽፋል። አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ሲዞር አላየሁትም።

ጭንቀቱ ሲብስብኝ ይማምን ለብቻው ጠራሁት።

«ለምን ወደ ፊት አትመጣም? ሰሌዳው እኮ ይርቅሃል።»

«ከዚያ ሆኜ በደንብ ይታየኛል፣ መምህር» አለኝ፣ በትሕትና።

ምን እንደሚታየው ለመጠየቅ ግን ወኔ አልነበረኝም...