ሦስቴ ካልተጠራሽ

ፈረሱ ብቻውን መጣ። ድንች እየቆፈርኩ ነበር፤ ኮቴውን ስሰማ «መጡ» ብዬ ቀና አልኩ። ኮርቻው ላይ ሰው የለም። ልጓሙ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ የእንግዳዬ የሥዕል ቦርሳ በጎኑ ተንጠልጥሏል። ከፈረሱ ኋላ መታየት የነበረበት ተራራም የለም፤ ጉም ውጦታል። ዶማውን ጣልኩት።

ጠዋት የወጡት ሁለት ነበሩ፣ ልጄና እንግዳዋ። እንግዳዋ ጃፓናዊት ናት፤ ሠዓሊ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ደብረ ማርቆስ ሥዕል የሚያስተምር የባለቤቴ ዘመድ ነው ያመጣልን፤ ሁለት ወር እኛ ቤት ተቀምጣ የመንደራችንን መንፈስ ልትስል። በአገሯም ሥራዋ ይኸው ነው አሉ። ወጣቱ ከተማ ገብቶ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት የገጠር መንደር ትሄድና ከሰዎቹ ጋር እየበላች፣ አብራ እያረመች ትከርማለች፤ ከዚያ ትስላለች። የእኛ መንደር ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። እዚህ ምን እንዳገኘች እኔ አላውቅም።

ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ እኔ «አያ» ነው የምላቸው፣ መንፈስ ፍለጋ መምጣቷን ሲሰሙ ሳቁ።

«መንፈስ ከሆነ የምትፈልገው ጠበል ውሰጃት፤ እዚያ ራሱ ይለፈልፍላታል» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ! እንግዳ እኮ ናት።»

«እንግዳ መሆኗንማ አይቻለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የደጄን ድንጋይ ስትስል ዋለች። እኔ አጠገቡ ተገትሬ አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም!»

ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ቤት ነበረች። በእንግሊዝኛ የምታስተረጉመው እሷ ናት። አንድ ቀን ድንች እየላጥን ሳለ እንግዳዋ «ልጆቻችሁን ምን እያላችሁ ነው የምታሳድጉ?» ብላ አስጠየቀችኝ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከእናቴ የሰማሁትን ነው ያለኝ። ነገርኳት። ሜዳ ላይም ሆነ ጉም ውስጥ ስምሽ ቢጠራ ቶሎ አቤት አትበይ። ክፉው ነገር አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እየሆነ ይጠራል። ሰው ግን አንድ ቦታ ቆሞ ሦስቴ ይጠራል። ሦስተኛውን እስክትሰሚ አፍሽን ያዥ፤ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ደግሞ ሽሺው።

ልጄ ይህንን ከጡት ጋር የጠባችው ነው። እንግዳዋ ግን የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። በማግስቱ ስላ አሳየችኝ፤ አፏን በእጇ የያዘች ልጅ፣ ከበላይዋ ሦስት የጉም ጭራ። «ስፈልገው የነበረው ይኼ ነው ትልሻለች» አለችኝ ልጄ። እኔ ያን ያህል አልታየኝም። ጥሩ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ፈረሱ ብቻውን የመጣበት ቀን ሮብ ነው። ባለቤቴ ገበያ ወርዷል። ከጎረቤት የተገኙት አያ ብቻ ነበሩ። ፈረሱን ለእሳቸው ሰጥቼ ሽቅብ ሮጥኩ።

«አንች ሴት፣ ቀስ በይ! ጉም ውስጥ የሮጠ ገደል ነው የሚገባ!» አሉ ከኋላዬ። ፈረሱን አስረው በወንዙ በኩል እንደሚፈልጉ ሲጮኹ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውም ጠፋ።

የት እንደሄዱ አውቃለሁ። እንግዳዋ ጅባራ መሳል ትወዳለች፤ ጅባራው ያለበት ሜዳ ደግሞ ጫፉ ገደል ነው። ጅባራ የደጋ ተክል ነው፤ ቁመቱ ሰው ያህላል። በደህና ቀንም ከሩቅ ሲያዩት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ያን ቀን ሁሉም ልጄን መሰለኝ። አንዱን ሮጬ ጨበጥኩት፤ ርጥብ ቅጠል ነው።

ስሟን ጠራሁ። ዝም። ወደ ግራ ሮጬ ጠራሁ። ዝም። ወደ ላይ ወጥቼ ጠራሁ። ከሥሬ የሆነ ቦታ ድንጋይ ተንከባሎ ሲወርድ ሰማሁ፤ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ ነው ታች ያረፈው። ገደሉ አጠገቤ ነው፤ ድንጋዩን የነካ እግርም አለ።

ታዲያ ለምን አትመልስም? ድምፄን የማትሰማ አይደለችም።

ያን ጊዜ ነው ሥዕሉ ትዝ ያለኝ። አፏን በእጇ የያዘችው ልጅ። አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እየሆነ የሚጠራው እኔ ነኝ። ልጄ እንዳሳደግኋት ሆና ከእኔ እየሸሸች ነው። የምትሸሸውም ወደ ገደሉ።

ቆምኩ። እግሬ ልሩጥ ይላል፤ ሁለት ድንጋይ መሀል ወተፍኩት። ስሟን ጠራሁ። እስክተነፍስ ጠበቅሁ። ደግሜ ጠራሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መሀል ያለችውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም፤ እመቤቴን ይዤ ነበር። ሦስተኛውን ጠራሁ።

«አቤት!» አለች ልጄ።

«አቤት!» አለ ሌላ ድምፅ ተከትሏት፤ እንግዳዋ ናት።

«እንዳትነቃነቁ! እኔ እመጣለሁ!»

በእጄ መሬቱን እየዳሰስኩ ወረድኩ። አንድ ቋጥኝ ሥር ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ከእንግዳዋ እግር እስከ ገደሉ ጫፍ አንድ ሰው ቢተኛ አይበቃውም። ካፖርቷን አውልቃ ለልጄ አልብሳታለች፤ ራሷ በስስ ሹራብ ትንቀጠቀጣለች። ፈረሱ ጅብ ይሁን ምን ሸትቶት ደንብሮ አመለጣቸው አሉ።

«እማ፣ አንች መሆንሽን በምን ልወቅ? በየቦታው ነበርሽ እኮ!» አለችኝ ልጄ። እያለቀሰች ተቆጣችኝ።

መቀነቴን ፈታሁ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ መሀሉን ልጄ፣ ሌላውን ጫፍ እንግዳዋ ያዘች። ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ይዘን በዝግታ ወረድን። ትንሽ በሄድን ቁጥር እንግዳዋ መቀነቱን ሳብ ታደርገዋለች፤ እኔም መልሼ ሳብ አደርገዋለሁ። ማስተርጎም አላስፈለገንም። ከወንዙ አጠገብ አያ አገኙን።

«መንፈሱን አገኘችው?» አሉ፤ ሊቀልዱ ፈልገው ነበር፤ እጃቸው ግን የልጄን ትከሻ ጨብጦ አልለቅም አለ።

ደጃፋችን ስንደርስ ባለቤቴ ከገበያ ገብቶ ፈረሱ አጠገብ ቆሟል። ዶማዬ ድንቹ መሀል እንደወደቀ ነው። የሦስታችንንም ልብስ እያየ «ምን ሆናችሁ?» አለ።

ልጄን አስቀድሜ አስገባሁ፤ ቀጥሎ እንግዳዋን። እኔና እሱም ገባንና በሩን ዘጋሁት።

«ምንም አልሆንንም» አልኩት። «ሁላችንም ቤት ገብተናል። ደህና ነን።»