የሰብለ ሰርግ ጉንጉን

አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ በር ላይ የአበባ ቅስት ያቆመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሳቁ፤ ሚስቴም ትስቃለች። ባለፈው እሁድ ፒያሳ የዘመድ ሰርግ ላይ ቅስቱን ዳበስ ባደርገው ዲኮር ሠሪው «ጋሼ፣ አይነካም!» ብሎ ተቆጣኝ። አበባው ደግሞ ፕላስቲክ! እኔን!

ጎረምሳ ሳለሁ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የታወቅኩ የአበባ ባለሙያ ነበርኩ። ማን አስተማረህ? ማንም። ጊዮርጊስ አካባቢ የቀብር ጉንጉን የሚሠሩትን ቆሜ እያየሁ፣ ሽቦ አክብቦ ጽድ መጠቅለል፣ በላዩ ላይ አበባ መሰካት ለመድኩ። እጄ ወርቅ ነበር። ጉራ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ሰብለ ልታገባ ስትል «እንደ ፊልም፣ ነጭ በነጭ አድርግልኝ» አለችኝ። ወሩ ጥር ነው፤ ፀሐዩ ደረቅ፣ ሰፈሩ በሙሉ የቁሌት ሽታ። በሰርጉ ጠዋት ከድንኳኑ መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የነጭ ጽጌረዳ ጉንጉኖች በእንጨት እግር ላይ አቆምኩ። ውበት ነው የምላችሁ!

የሙሽሪት እናት እትዬ በላይነሽ ከጓዳ ወጡ። ሲያዩት እጃቸው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቅ ሄደ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ ዘመናዊ ነው።»

«ዘመናዊህን ይዘህ ቀብር ሂድ! ይሄ እያለ ድንኳን አልገባም፤ ጉልበቴንም አላስምም!»

ሰብለ ከውስጥ ሰማች። «የእናቴን ጉልበት ሳልስም ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ስታለቅስ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ጉንጉኑን ላንሳው ብል የተመኘችው ሊቀርባት ነው። ይኸኔ ከራስ መኮንን ድልድይ በኩል የሙሽራው መኪኖች ጡሩንባ ተሰማ።

አናስገባም እያሉ የግቢውን በር ወደሚይዙት ልጃገረዶች ሮጥኩ።

«ዛሬ የምር እንዳታስገቧቸው!»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እስክጮህ!»

የአራዳ ልጆች አይደሉ? በሩን ግጥም። ሚዜዎቹ እንደ ደንቡ ሽቶ ረጩ፤ የለም። ለመኑ፤ የለም። ሽቶው አለቀ።

«ኧረ ሙሽራው አረጀ!» ይላል አንዱ ሚዜ።

«ያርጅ! ሸምግሎ ይመለስ!» ትላለች አንዷ።

እኔ በዚያ መሀል የጉንጉኖቹን ሽቦ በፒንሳ በጥሼ ክቦቹን ከፈትኳቸው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አስሬ ከመግቢያው በላይ እንደ ቀስተ ደመና ዘረጋኋቸው፤ እግሮቻቸው ምሰሶ ሆኑ። እትዬ በላይነሽ ቀና ብለው አዩ። ደግመው አዩ።

«እስቲ ወንበር አምጡልኝ» አሉና ፈገግ ብለው ቅስቱ ሥር ቁጭ አሉ።

«አስገቧቸው!» ብዬ ጮህኩ።

ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የእትዬን ጉልበት ሲስሙ የጽጌረዳ ቅጠል ከላይ የሰብለ ፀጉር ላይ ረገፈ። እሱንም ያቀድኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ሰፈራችን ፈርሷል፣ ሰዉም በየአቅጣጫው ተበትኗል። ስንቱን የሚያምር ሰርግ አየሁ፤ አበባ ሲነሳ ግን ትዝ የሚለኝ የእትዬ በላይነሽ ፈገግታ ነው። ውሸት ነው የምትሉ፣ እሳቸው ሰብለ ጋ አሉ፤ ተመስገን፣ ጆሯቸውም ምላሳቸውም ደህና ነው። ሂዱና ጠይቋቸው። ሚዜዎቹንም ጠይቁ፤ እስካሁን ያኮረፈኝ አለ።